ህንድ ስትኖሪ ልብሱን መልመድ፣ ናፍቆቱንም መቻል፦ ከነጠላ እስከ ሳሪ

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለትምህርት ወደ ህንድ ለምትሄጂው እህቴ ነው። ታማሚ ይዘሽ ባንጋሎር፣ ቼናይ ወይም ዴልሂ ሆስፒታል አጠገብ ሳምንታት ለምትከርሚውም ነው። እኔም እዚያ ተምሬያለሁ። ስለ ቪዛውና ስለ ምግቡ የሚነግርሽ ሞልቷል። ስለ ልብሱ የሚያወራ ግን እምብዛም የለም። ናፍቆት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚይዝሽ መስታወት ፊት ነው። በአዲሱ ልብስ ራስሽን ስታዪ የማታውቂያትን ሰው ያየሽ ይመስልሻል፤ ሆድሽ ይባባል።

ምክሬ ባጭሩ ይህ ነው። ከሳሪ አትጀምሪ። ሰውነትሽ ከሚያውቀው ነገር ጀምሪ። ነጠላ ለብሰሽ ካደግሽ የህንዱን የትከሻ ጨርቅ፣ ዱፓታን፣ ግማሹን ታውቂዋለሽ። የቀረውን ቀስ እያልሽ ትደርሽበታለሽ። የአገርሽንም ልብስ ሻንጣ ውስጥ ቆልፈሽ አታስቀምጪ። ሁለቱም በየተራ ይለበሱ።

ሻንጣሽን ስታዘጋጂ

መጀመሪያ የምትሄጂበትን ከተማ አየር እወቂ። ዴልሂ ግንቦት ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ታኅሣሥና ጥር ላይ ደግሞ ሌሊቱ ሹራብ ያስፈልገዋል። ቼናይ ዓመቱን ሙሉ ትሞቃለች፤ ወበቋ አይጣል ነው። ባንጋሎር ከባሕር ጠለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ለአዲስ አበባ ልጅ ትስማማለች። የክረምቱ ዝናብ በግንቦት መጨረሻ አካባቢ በደቡብ ጫፍ ባለችው ክፍለ ግዛት በኬረላ ይገባና እስከ መስከረም በአገሩ ይሰነብታል።

ከአገር ቤት ይዘሽ የምትሄጂው ይህን ያህል ይበቃል፦ አንድ የሀበሻ ቀሚስ፣ ሁለት ነጠላ፣ አንድ ጋቢ፣ የለመድሻቸው ሁለት ጂንሶች። "ለሞቃት አገር ጋቢ ምን ይሠራል?" ትይኝ ይሆናል። የሆስፒታሉ መጠበቂያ ክፍልና ኤሲ ያለው የባቡር ፉርጎ እንዴት እንደሚያቀዘቅዙ ስታዪ ታመሰግኚኛለሽ። የጥጥ ቀሚስና ሸሚዝ ግን ከዚህ አትሸከሚ። እዚያ ከዚህ ይረክሳል፣ ለአየሩም የተሠራ ነው።

አንዱን ነጠላ ሳታጥቢው ያዢ። የእናትሽ ቤት ዕጣንና ቡና ይሸታል፤ አንድ ቀን ትፈልጊዋለሽ። ህንድ ውስጥ ብዙ ቁምሳጥን ውስጥ ናፍታሊን የሚሉት ብል የሚያባርር ነጭ ኳስ ይደረጋል፤ ያ ኳስ የቤትሽን ጠረን በሁለት ቀን ይበላዋል። ነጠላውን ለብቻው በከረጢት አድርጊው። ብል ካሰጋሽ እነሱ ራሳቸው ልብስ መሐል የሚያስቀምጡትን የደረቀ የኒም ቅጠል ተጠቀሚ። ድሬዳዋ ላይ ጥላ የሚሰጠው ያው ኒም ነው።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ኩርቲ በጂንስ

ኩርቲ ጉልበት አካባቢ የሚደርስ፣ ጎንና ጎኑ የተቀደደ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ነው። ከራስሽ ጂንስ ላይ ልበሺው። ግቢ ውስጥ የምታያቸው ብዙዎቹ የህንድ ተማሪዎችም እንደዚሁ ይለብሳሉ። ከወገብሽ በታች የራስሽ፣ ከላይ የእነሱ መሆኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይረዳል። መስታወት ውስጥ የምታያት ገና አንቺው ነሽ።

የት ትገዣለሽ? ዋጋ መከራከር ካልፈለግሽ ከ1960 ጀምሮ ያለው ፋብኢንዲያና የካዲ መደብሮች ዋጋቸው የተቆረጠ ነው። ካዲ በእጅ ተፈትሎ በእጅ የተሸመነ ጨርቅ ነው፤ ጋንዲ የነፃነት ትግሉ ምልክት ያደረጉት እሱን ነው። የእናቶቻችንን ፈትል የምታውቂ ከሆነ ስትነኪው ይገባሻል። ገበያ መውጣት ከፈለግሽ ባንጋሎር ኮመርሻል ስትሪት፣ ቼናይ ቲ ናጋር፣ ዴልሂ ላጅፓት ናጋርና ሳሮጂኒ ናጋር አሉልሽ። ጎዳና ላይ ተከራከሪ። "ፊክስድ ፕራይስ" የሚል ከተለጠፈ ግን አትልፊ።

ሻጩ ሁሉ "ፒዩር ኮተን" ይልሻል። ጨርቁን በጡጫሽ ጨብጠሽ ልቀቂው። ጥጥ እንደተጨማደደ ይቀራል፤ ፖሊስተር ወዲያው ይዘረጋል። ጥርጣሬ ካደረብሽ ከጫፉ አንድ ክር መዘዝ አድርገሽ ቤትሽ አቃጥዪው። ጥጥ ወረቀት ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም ይፈረፈራል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር እንክብል ይሆናል። ቼናይን ለመሰለ ወበቅ ይህ ቀልድ አይደለም፤ ፖሊስተር ለብሰሽ ከዋልሽ ገላሽ በሽፍታ ይሞላል። ሙልሙል የሚሉት ስስ ጥጥ ከሁሉም ይቀላል። ስለሚያሳይ ግን ገበር እንዳለው እዪ።

ስትለኪ ቆመሽ ብቻ አትለኪ። ቁጭ በዪ፣ እጅሽንም ወደ ላይ አንሺ። ብብት ላይ ከያዘሽ አንድ ቁጥር ጨምሪ።

ዱፓታ፦ እጅሽ የሚያውቀው

ሳልዋር ካሚዝ ሦስት ነገር ነው፦ ረጅም ሸሚዝ፣ ሱሪና ዱፓታ። ዱፓታው ሁለት ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ጨርቅ ነው። እንደ ነጠላ በአንድ ትከሻ ጣል ታደርጊዋለሽ፣ በሁለቱም ትከሻ ወደ ኋላ ትለቂዋለሽ፣ ወይም ራስሽን ትሸፍኚበታለሽ። የሚለየው ነጠላ ድርብ ስለሆነ አርፎ ይቀመጣል፤ ዱፓታ ስስ ስለሆነ ይንሸራተታል። መጀመሪያ የጥጥ ግዢ፤ ሺፎኑ ይቆይሽ። አንዱን ትከሻ በመርፌ ቁልፍ ያዢውና ቀኑን ሙሉ እርሺው።

አራት ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቂ። ሞተር ሳይክል ላይ ስትቀመጪ ዱፓታው ጎማ ውስጥ ከገባ ሊገድልሽ ይችላል፤ የደረሰበት ሰው አለ። ከመውጣትሽ በፊት ጫፎቹን ወገብሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። ባጃጅም ውስጥ ወደ ውጭ አይንጠልጠል። ወጥ ስትሠሪ ከጋዙ ርቆ ይሰቀል፤ ሰው ሠራሹ ጨርቅ በእሳት ሲያያዝ ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ተንቀሳቃሽ ደረጃ ላይ ደግሞ ሰብሰብ አድርገሽ ያዢው።

ዱፓታ ሁልጊዜ ቦርሳሽ ውስጥ ትኑር። የሲኮች ቤተ ጸሎት ጉርድዋራ ስትገቢ ሴትም ወንድም ራሱን ይሸፍናል፣ ጫማም ይወልቃል። አምሪትሳር ያለው ወርቃማው ቤተ መቅደስ ብቻ ሳይሆን በየከተማው ያሉትም የመጣውን ሁሉ በነፃ ያበላሉ። መሬት ላይ ከማያውቁት ሰው ጎን ተቀምጦ አብሮ መብላት ብቸኝነት ለያዘው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ሂጂ።

ልብስ ሰፊው ዘንድ

ገበያ ውስጥ ያልተሰፋ፣ ሦስት ቁራጭ ጨርቅ በአንድ ላይ ይሸጣል። ሰሜኑ ላይ ሳልዋር ካሚዙን "ሱት" ይሉታል፤ ደቡቡ ላይ ብዙ ሰው "ቹዲዳር" ይለዋል። ይህን ካወቅሽ ባለሱቁ ኮትና ሱሪ ያመጣልኛል ብለሽ አትደነግጪም።

ጥጥ ከሆነ ለሰፊው ከመስጠትሽ በፊት ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈሽ አድርቂው። አለበለዚያ ከተሰፋ በኋላ ይገባል። ልክሽ የሆነ አንድ ልብስ ለናሙና ውሰጂ፤ በቋንቋ ከምታስረጂው እሱን ማሳየት ይቀላል። ስፌቱ ውስጥ ትርፍ ጨርቅ እንዲተውልሽ ንገሪው፤ "ማርጂን" ስትዪው ይገባዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ወይ ትከሺያለሽ ወይ ትወፍሪያለሽ፤ እዚያው ላይ ይለቀቅልሻል ወይ ይጠብልሻል። ቀጠሮ ስትይዢ ከምትፈልጊበት ቀን ቀደም አድርጊ። ጥቅምት ላይ፣ ዲዋሊ የሚሉት ትልቁ የመብራት በዓል ሲቃረብ፣ ሰፊዎች በሥራ ይጨናነቃሉ።

ሱሪውን በተመለከተ፣ ቹሪዳር የሚባለው (ደቡቡ መላውን ልብስ የሚጠራበት "ቹዲዳር" ከዚሁ የመጣ ነው) ጠባብ ሆኖ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚሸበሸበው ነው። ያምራል፤ ማውለቁ ግን ጊዜ ይወስዳል። ለመጀመሪያው ቀጥ ያለ ሱሪ አሰፊ። ሳልዋር የሚባለው ሰፋ ያለ ሱሪ በገመድ የሚታሰር ስለሆነ ቋጠሮው አንዴ ሲሳብ የሚፈታ ይሁን። በሕዝብ መጸዳጃ ቤት ደጃፍ ስትጣደፊ ይህን ምክር ታስታውሺዋለሽ።

ሳሪ፦ ሳትቸኩዪ

ሳሪውን ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለበዓል ስትጠሪ ልበሺው። በየቀኑ መልበስ አይጠበቅብሽም። ብዙ ወጣት የከተማ ሴቶችም አይለብሱትም።

ስትገዢ መካከለኛ ውፍረት ያለው ጥጥ ምረጪ። ጆርጄት የሚሉት ስስ ጨርቅ ይንሸራተታል። የካንቺፑራም ወይም የባናራስ ሐር ውብ ነው፤ ለጀማሪ ግን ከባድ ነው፣ ዋጋውም ይበዛል። አንድ ሳሪ አምስት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ለብላውዝ የሚሆን 80 ሳንቲ ሜትር ያህል ትርፍ አለው። እዚያው ሱቅ "ፎልና ፒኮ" አሠሪበት። ፎል ከታች በኩል ከውስጥ የሚሰፋ ጨርቅ ነው፤ ሳሪው ክብደት ኖሮት ይወርዳል። ፒኮ የጫፉ ቅምቅማት ነው። ቀለሙ የሚመሳሰል ውስጥ ቀሚስና ጥቂት የመርፌ ቁልፍ ያስፈልጉሻል። ብላውዝ ለማሰፋት ጊዜ ከሌለሽ የሚለጠጥ የተዘጋጀ ይሸጣል። የሆድሽን መታየት ካልወደድሽ ረዘም አድርገሽ አሰፊው፤ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን አለባበሱ። በጣም የተለመደውን ኒቪ የሚባለውን ነው የማሳይሽ።

1. የምትሄጂበትን ጫማ መጀመሪያ አድርጊ። ተረከዙ ከፍ ካለ የሳሪው ርዝመት ይለወጣል።

2. የውስጥ ቀሚሱን ገመድ እምብርትሽ ላይ ወይም ትንሽ ዝቅ አድርገሽ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪ። የሳሪው ሸክም ሁሉ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። እዚህ ከላላ የቀረው ሁሉ ይወርዳል።

3. ጌጥ የሌለውን ጫፍ ከእምብርትሽ ትንሽ ወደ ቀኝ የውስጥ ቀሚሱ ውስጥ ሸጉጪው። በፊት በኩል ወደ ግራ፣ በጀርባሽ ዞሮ በቀኝ በኩል ወደ ፊት እስኪመለስ አንዴ አዙሪው። ዙሪያውን እየሸጎጥሽ ሂጂ። የታችኛው ጠርዝ መሬቱን ነካ ያድርግ።

4. ከመሸብሸብሽ በፊት ሌላውን ጫፍ፣ ፓሉ የሚሉትን ያጌጠውን፣ በጀርባሽ አዙረሽ ከቀኝ ብብትሽ ሥር በደረትሽ አሳልፈሽ በግራ ትከሻሽ ወደ ኋላ ጣዪው። ጉልበትሽ አካባቢ እስኪደርስ አስተካክለሽ ትከሻሽ ላይ በመርፌ ያዢው።

5. አሁን ፊት ለፊት የተንጠለጠለ ትርፍ ጨርቅ ይቀርሻል። እሱን ከአውራ ጣትሽ እስከ ትንሿ ጣትሽ ባለው ስፋት ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ሸብሽቢው። እጥፎቹ ወደ ግራ ይዙሩ። ከላይ እኩል አድርገሽ በአንድ መርፌ ሰብስቢና እምብርትሽ ላይ ወደ ውስጥ ሸጉጪ።

6. ተራመጂ፣ ደረጃ ውጪ፣ ቁጭ ብለሽ ተነሺ። የሚፈታ ከሆነ ቤትሽ ይፈታ።

ሽብሸባው መጀመሪያ እንቢ ይልሻል። የተከራየሁበት ቤት ባለቤት፣ አንቲ የምላቸው፣ መርፌ ቁልፉን በጥርሳቸው ይዘው ወለሉ ላይ ተንበርክከው እያንዳንዱን እጥፍ ከታች ወደ ራሳቸው ሳብ፣ ሳብ ያደርጉት ነበር። ምስጢሩ እሱ ነው፤ ከላይ ያጠፍሽው ከታች ካልተሳበ ይበተናል። አንድ ሰው ከታች እንዲይዝልሽ ጠይቂ። ሳትጠይቂም ይረዱሻል። ሠርግ ቤት የማታውቂያት ሴት መጥታ ትከሻሽን ታስተካክል ይሆናል። አትሸሺ፤ እንደ እህት ነው የምታየሽ።

ቀለም ይናገራል

እኛ ጋ የነጠላው ጥለት አቀማመጥ ሐዘንና ደስታን እንደሚለይ፣ እዚያ ቀለሙ ይለያል። ብዙ ሂንዱዎች ዘንድ ነጭ የሐዘን ነው፤ በተለይ በሰሜኑ የመበለት ልብስ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ የሀበሻ ቀሚስሽን ለሠርጋቸው መልበስ ከፈለግሽ ጥበቡ ሰፋ ያለና ቀለሙ ደማቅ የሆነውን ምረጪ፣ አስቀድመሽም ጠሪሽን አማክሪ። ጥቁርም ለሠርግ አይመረጥም። ቀዩ የሙሽራዋ ስለሆነ ለሷ ተይላት። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ ሮዝ ሁሉ ያንቺ ነው።

ግንባር ላይ የምትለጠፈዋን ቢንዲ ማንም ያደርጋታል። ፀጉር መሐል የሚቀባው ቀይ ሲንዱርና ማንጋልሱትራ የሚሉት የአንገት ጌጥ ግን የባለትዳር ምልክት ናቸው፤ ለጌጥ ብለሽ አታድርጊ። ደቡቡ ላይ የጃስሚን አበባ ፀጉርሽ ላይ ቢሰኩልሽ ተቀበዪ። ለሆሊ፣ መጋቢት አካባቢ፣ ቀለም ሲረጫጩ የምትጥዪውን አሮጌ ልብስ ልበሺ።

ኬረላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የእነሱ የበዓል ልብስ ካሳቩ ነው፦ ወተት የመሰለ የጥጥ ጨርቅ፣ ጠርዙ ወርቅማ። መጀመሪያ ስታዪው ትደነግጫለሽ፤ የጥምቀት ዕለት ጃንሜዳ ያለሽ ይመስልሻል። ከሁለት ቁራጭ የሚለበሰው ዓይነት፣ ሙንዱም ኔሪያቱም የሚሉት፣ ከሳሪ ይቀላል። ኦናም የሚባለው በዓላቸው በነሐሴና በመስከረም መካከል ስለሚውል ለዕንቁጣጣሽ ትደርሽበታለሽ። ከህንድ ልብስ አንድ ብቻ ግዢ ብትዪኝ ይህን እልሻለሁ።

እሑድ የት ትሄጃለሽ

ኦርቶዶክስ ከሆንሽ የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን ፈልጊ። ከእኛ ጋር እኅት ቤተ ክርስቲያን ናት። በ1957 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ላይ የኦርየንታል ኦርቶዶክስ አባቶችን ሲሰበስቡ የህንዷ ቤተ ክርስቲያን አለቃ፣ ካቶሊኮስ የሚባሉትም፣ ነበሩ። ዋናዋ ኬረላ ብትሆንም ዴልሂ፣ ሙምባይ፣ ባንጋሎርና ቼናይም አጥቢያዎች አሏት። ቅዳሴው በኬረላ ቋንቋ በማላያላም ነው፣ አንዳንዴም በእንግሊዝኛ። ሴቶች በሳሪያቸው ጫፍ ወይም በዱፓታ ይከናነባሉ። አንቺ ነጠላሽን ልበሺ። ለመቁረብ ካሰብሽ ካህኑን ቀደም ብለሽ አነጋግሪ። ዕድለኛ ከሆንሽ ኬረላ ውስጥ በዕድሜ የገፉ እናት ከራስ እስከ እግር ነጭ ለብሰው ታያለሽ፤ ከኋላቸው የጨርቁ እጥፍ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ። ጥቂቶች ናቸው የቀሩት።

ሙስሊም እህቴ፣ ሳልዋር ካሚዝ ከሂጃብሽ ጋር ያለ ምንም ማስተካከያ ይሄድልሻል። ሃይደራባድ ከተማ ከገባሽ ቻርሚናር በሚባለው ጥንታዊ ሕንፃ ዙሪያ ያለውን አሮጌውን ገበያ እዪ።

ለወንዶች

ኩርታ በሱሪ ይበቃችኋል፤ ለሠርግ ላዩ ላይ እጅጌ የሌለው የኔህሩ ጃኬት ጨምሩ። ደቡቡ ላይ ነጩን ሙንዱ ወይም ቬሽቲ ለመልበስ ሽርጥ የለመደ ወገናችን አይቸገርም። ላልለመደ ቀበቶ ይፈቀዳል። ሲሞቅ ወደ ጉልበት ታጥፎ ይታሰራል። ትልቅ ሰው ፊት ስትደርሱ ግን እጥፉን አውርዱት፤ አክብሮት ነው። ባለቀለሙ ሉንጊ የቤት ልብስ ስለሆነ ሰው ቤት አትሂዱበት።

ታማሚ ይዘሽ ከሆነ

ለታማሚው ከፊት የሚከፈት፣ ቁልፍ ያለው የጥጥ ኩርታ ግዢ። ምርመራና ግሉኮስ ሲኖር ሁሌ ማውለቅ አያስፈልግም። ጨረር ሕክምና ላይ ካለ ጨረሩ የሚያርፍበት ቆዳ ላይ ጥልፍና ጠንካራ ስፌት እንዳይነካው ሰፋ ያለ ሙልሙል አልብሺው። ላንቺ ሁለት ኩርቲና አንድ ሱሪ፤ ማታ አጥበሽ ጧት ትለብሻለሽ። አስታማሚ ራሱን ይረሳል። የሚመችሽን ልብስ መልበስ ለታማሚውም መቆም ነው።

እጥበት

በእጅ የታተመና ባንዳኒ የሚባለው ተቋጥሮ የተነከረ ጨርቅ ቀለሙን ይለቃል። የመጀመሪያዎቹን እጥበቶች ለብቻው፣ በቀዝቃዛ ውኃ። ነጠላሽን በምንም ተአምር አብረሽ አትዘፍዝፊ። ሐር ላውንደሪ ይሂድ። ለመተኮስ በየሰፈሩ ጥግ በጋሪ ላይ የከሰል ካውያ ይዞ የሚተኩስ ሰው አለ፤ በርካሽ ይሠራልሻል።

ናፍቆቱ ሲበረታ

የአገሩን ልብስ መልበስ መንገድ ላይ የሚያፈጡብሽን ዓይኖች ይቀንሳል፤ አያጠፋቸውም። ፎቶ አብረን እንነሳ የሚሉሽ ይኖራሉ። በቆዳሽ ቀለም ክፉ የሚናገርሽም ይኖራል። ያ በአለባበስሽ ጉድለት የመጣ አይደለም፤ ልብስ በመቀየር ልታስተካክዪው አትድከሚ። ለጓደኛ ንገሪ፤ ግቢ ውስጥ ከሆነም ለሚመለከተው ክፍል አመልክቺ።

ለእናትሽ ቪዲዮ ስትደውዪ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የለመደችውን ልብስሽን ልበሺ። "ምነው ተለወጥሽብኝ?" የምትለዋ አንዲት ቃል ሌሊቱን ታስለቅስሻለች። ሳምንት ካለፈ በኋላ ኩርቲውን አሳዪያት፣ ጨርቁን ወደ ካሜራው አስጠግተሽ ጥልፉን አስቆጥሪያት። ያኔ ወሬው ስለ ጨርቁ ይሆናል። ህንድ ከእኛ በሁለት ሰዓት ተኩል ትቀድማለች፦ አዲስ አበባ ከምሽቱ 1 ሰዓት ሲሆን አንቺ ጋ 3 ሰዓት ተኩል ነው። ሁሌ በዚያ ሰዓት ከደወልሽ እንቅልፍሽን አልቅሰሽ ነው የምትጀምሪው። ለእረፍት ቀን በቀን ብርሃን አድርጊው።

የሀበሻ ቀሚስሽን በሳምንት አንድ ጊዜ ልበሺ፤ በዓል አትጠብቂ። ባንጋሎር ያለችበት ካርናታካ ክፍለ ግዛት ቡና አብቃይ ስለሆነች እዚያ ያልተቆላ ቡና አታጪም። ራጊ የሚሉት ዱቄት የእኛው ዳጉሳ ነው፤ ጤፍ ባይሆንም አቡክተሽ እንጀራ ይወጣዋል። ቡናውን ስታፈዪ የጎረቤቷን ልጅ ጥሪያት። ዱፓታ ያስተማረችሽን ነጠላ አልብሻት።

እንቅልፍና ምግብ ከተዘጋብሽ፣ ይህም ሁለት ሳምንት ከዘለቀ፣ ናፍቆት ነው ብለሽ አትለፊው። ዩኒቨርሲቲ ከሆንሽ የምክር አገልግሎቱን ጠይቂ፤ ሆስፒታል ካለሽ ለነርሷ ወይም አማርኛ አስተርጓሚ ካለ ለእሱ ንገሪ። የህንድ መንግሥት ቴሌ ማናስ የሚባል የነፃ የስልክ መስመር አለው፤ ቁጥሩ 14416 ነው፤ በእንግሊዝኛም ያነጋግሩሻል።